ተከራዩ ዊንዶውስ

«ባዶ ነው!» አለ የጆሮ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ። «አንድም ሰው የለም። ባዶ!»

ማዘርቦርድ ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነበር ከበሩ የጠራት። ሦስት ልጆች ስላሏትና የክሊኒኩን አሥራ አራት ኮምፒውተሮች ብቻዋን ስለምትጠግን የኮምፒውተር ዋናው ሰሌዳ የሚጠራበትን ይህን ስም ያወጡላት ሐኪሞቹ ናቸው። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ለመቆጣትም ጉልበት የላትም። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። የመስሚያ መሣሪያ የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም፣ ልክ በተጫነ ቀን እንደነበረው፣ ቋንቋ ምረጡ እያለ ይጠይቃል። ዓርብ ዕለት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ታካሚዎች ከነጆሯቸው ልክ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ከሐኪሙ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ አናጺ ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። የቀኙ መሣሪያ አፏጨብኝ ብለው ነው የመጡት።

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው ጮክ ብለው።

«ኮምፒውተሩ ረስቶናል አባዬ!» አለቻቸው ልጃቸው ወደ ጆሯቸው ተጠግታ።

«እሱም እንደ እኔ አረጀ በዪኛ!» ብለው ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ ግን አልነበረም።

ማዘርቦርድ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የዊንዶውስ ፈቃድ ክፍያ ሲከብድ፣ ማሽኖቹም ሲያረጁ፣ «ሁሉንም ወደ ሊኑክስ እናዙር» ብላ የተሟገተችው እሷ ናት። ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፤ ግን ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ከፍቶ ያየዋል፣ እንደሚመቸው አድርጎ ይሠራበታል። አሥራ ሦስቱ ማሽኖች ያለ ኮሽታ ተዛወሩ። አሥራ አራተኛው፣ የጆሮ ክፍሉ፣ አስቸገረ። የመስሚያ መሣሪያው ፕሮግራም ከዊንዶውስ በቀር ሌላ ቤት አልገባም አለ። ሁለት ሳምንት ታገለችው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ በሚሆን ፕሮግራም ልታስነሳው ሞከረች፤ ተነሣ፣ ግን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ «አላውቅህም» አለው። በመጨረሻ በሊኑክሱ ሆድ ውስጥ አንድ ዊንዶውስ በተከራይነት አስገባች። ከውጭ ሊኑክስ፣ ከውስጥ ዊንዶውስ፤ ተቻችለው አደሩ። ያን ቀን ሐኪሙ ቆሞ አጨብጭቦላት ነበር።

ተከራዩ ግን ሰው በሚያመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እየለቀመ መከራዋን አበላት። ባለፈው ዓመት መጨረሻ መረራትና፣ ማሽኑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የውስጡ ዊንዶውስ ወደ ንጹሑ ቅጂ እንዲመለስ አደረገችው። ማታ ይጠፋል፣ ጠዋት ታጥቦ ይነሣል ብላ። የቀራት የታካሚዎቹን መዝገብ ከተከራዩ ክፍል አውጥታ ወደ ውጭው፣ ወደ ሊኑክሱ ማዛወር ብቻ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት» አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ስምንት ወር ሆነ።

ሐኪሙ ደግሞ ማሽኑ ለመነሣት አራት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ጭራሽ አያጠፋውም። ሲወጣ ስክሪኑን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ግድግዳው ላይም በራሱ እጅ «አይጠፋም! አይነቀልም!» ብሎ ለጥፏል። አንድ ቀን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ጉዱ ይታወቅ ነበር፤ የሚጠፋውም የአንድ ቀን ሥራ በሆነ። ማዘርቦርድ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አይታዋለች። አይታ አልፋዋለች።

«ማን ነው የነቀለው?» አለች። 

«ቅዳሜ እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ከበሩ የጽዳት ሠራተኛዋ። ክሊኒኩ ሲከፈት ጀምሮ የነበሩ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። መወልወያቸውን እንደያዙ ገቡ። «የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉ ኩሬ ሆኗል። ውሃው መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ወደሚያቆየው ወደዚህ ባትሪ እየመጣ ነበር። አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ዛሬ ማለዳ ደረቅ ጨርቅ አዙሬበት መልሼ ሰካሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላቸው ደርሶ ኖሯል።

«ማስታወቂያው አይታይዎትም እትዬ? ይኸው በትልቁ ተጽፏል!»

«እኔማ አነባለሁ ጌታዬ። ውሃው ነው የማያነበው።»

የአናጺው ልጅ ፈገግ አለች። ሥራ አስኪያጁ ግን ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው። «የሁለት መቶ ሰው መዝገብ ጠፍቷል፣ እርስዎ ይቀልዳሉ!» አለና ወደ ማዘርቦርድ ዞረ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምክንያቱን በጽሑፍ ታመጪልኛለሽ። ረጅም አልፈልግም። ኃይል ተቋረጠ፣ መዝገብ ጠፋ፣ በቃ።»

ማዘርቦርድ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር። ግን ሰኞ ነው፣ ትንሹ ልጇ ሌሊቱን ሲያስል አድሯል፣ አውቶቡስ ላይ ቆማ ነው የመጣችው፣ ገና ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ እውነቱን ለማስረዳት ደግሞ ውስጥና ውጭ፣ ተከራይና አከራይ እያለች ግማሽ ሰዓት ማውራት ሊኖርባት ነው።

«እሺ» አለች።

እትዬ ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ።

የቀረውን ጠዋት ስትሠራ አረፈደች። የሽማግሌውን መሣሪያ ከጆሯቸው አስወልቃ በገመዱ ብታገናኘው፣ ልኩ ከነቁጥሩ መሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ፕሮግራሙ እያነበበ ወደ ራሱ ቀዳው።

«ተመስገን» አለች። «ልካቸው እያንዳንዳቸው ጆሮ ላይ አለ፣ ዶክተር። እየጠራን ማንበብ ነው።»

«እየጠራን?» ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሞዠቀው። «የማይሰማ ሰው ነው በስልክ የምትጠሪው? ‹ሃሎ› ስትዪ ‹ማን ሞተ?› ሲልሽ ልትውዪ ነው። እሺ፣ መጡ እንበል። የቀድሞው ምርመራ በወረቀት ታትሞ አለ፤ ስምንት ወር የመረመርኩትስ? የማን ጆሮ ምን ያህል እንደ ቀነሰ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እሱስ ከየት ይነበባል?»

«እሱ አይመለስም።»

ሐኪሙ የስልክ ቁጥሮቹ ያሉበትን የቀጠሮ ደብተር ሳበ። ደግ ሰው ነው፤ አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

ከዚያ መዝገቡ የሚቀመጥበትን ቦታ ከተከራዩ ክፍል አውጥታ ወደ ሊኑክሱ አዛወረችው። ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው፤ ሽማግሌው አናጺ መዝገቡ ውስጥ በቦታቸው አሉ። ደግማ አጠፋችው፤ አሁንም አሉ። ሰዓቷን አየች። ስምንት ወር ያሳደረችው ሥራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። እንባዋ መጣ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበዛ ነበር። ራሷን በጥፊ ማለት አማራት።

በምሳ ሰዓት ባሏ ደወለ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ ልጆቹን የሚያበላው እሱ፣ ቤቱን የሚያኖረው የእሷ ደመወዝ ነው። ሳሉ ቀለል ብሎታል አላት። ከዚያ ድምጿን ሰምቶ ምን ሆንሽ አላት፤ ነገረችው።

«ኃይል አልተቋረጠም እንዴ?» አለ።

«ተቋርጧል።»

«መዝገቡስ አልጠፋም?»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?»

«እትዬ ላይ ነዋ። እሳቸውን ነው የሚያባርሩት።»

በስልኩ ውስጥ የማንኪያና የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ልጆቹን እያበላ ነው። «እኛንስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሊኑክስ ሊኑክስ ብለሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። በአንቺ እጅ ጠፋ ከተባለ አንድ ቀን ያሳድሩሻል? ክፉ ሁኚ አላልኩሽም። ብቻ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ክፉ ሰው አይደለም ባሏ። ስለ ልጆቹ ነው የፈራው፤ እሷም የፈራችው ያንኑ ነው። ስልኩን ዘግታ ጻፈች፦ «ቅዳሜ ዕለት ኃይል በድንገት በመቋረጡ በጆሮ ክፍል የሚገኘው የታካሚዎች መዝገብ ጠፍቷል።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። አተመችውና ይዛው ወደ ላይ ወጣች።

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ እየጻፈች ነበር። «እሰይ መጣሽ» አለች ከኪቦርዱ ቀና ሳትል። «ያንቺን ነው የምጠብቀው። ከዚህኛው ጋር አባሪ ይሆናል።»

ማዘርቦርድ በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበች። የእትዬ ስንብት ነው። «መመሪያ በመጣስ በንብረት ላይ ባደረሱት ከባድ ጉዳት» ይላል።

«እትዬ ሰምተዋል?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ግቢው ሁሉ አውቋል፣ እሳቸው ታች ኮሪደር ይወለውላሉ። እኔስ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ የምጽፈው። ምን ላድርግ? ታዘዝኩ። በይ አምጪው።»

ማዘርቦርድ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ጸሐፊዋም ጫፉን ያዘችው። ማዘርቦርድ ብትለቀው ነገሩ ያልቅ ነበር።

«ቆይ» አለች ማዘርቦርድ። ስባ ወሰደችው። «ስህተት አለበት።»

ወደ ታች ስትወርድ እትዬ ኮሪደሩን ግማሽ አድርሰው ነበር። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «እርጥብ ነው ልጄ፣ እንዳትወድቂ።»

«እትዬ፣ መዝገቡን እርስዎ አይደሉም ያጠፉት።»

«ነቅያለሁ እኮ።»

«ቢነቅሉትም መጥፋት አልነበረበትም። እኔ ነኝ። ሲጠፋ ሁሉን እንዲረሳ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። መዝገቡን ከዚያ ማውጣት ነበረብኝ፣ ነገ ዛሬ ስል ተውኩት። እርስዎ ባይነቅሉት ውሃው ሌላ ጉድ ያመጣ ነበር።»

ያሰበችው ሌላ ነበር። ወይ ይቆጧታል፣ ወይ «ተይው ልጄ፣ ሰው ነሽ» ይሏታል ብላ ነበር። እትዬ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት። ገና ስክሪኑን ሳየው።»

«ጠዋት።» ቃሉን እንደ መድኃኒት ዋጡት። «እዚያ ቆሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስጠየቅ፣ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ምሳዬን አልበላሁም። የሁለት መቶ ሰው ጆሮ ደፈንኩ ብዬ፣ እህሉ አልወርድ ብሎኝ። ስንቱ ሕፃን ነው የሚመጣው እያልኩ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

ማዘርቦርድ «ይቅርታ» አለች። ቃሉ ወጣ እንጂ የትም አልደረሰም። ፊቷ እሳት ሆነ፤ የእኚህን ሴትዮ ዓይን ከማየት ሥራ አስኪያጁ አሥር ጊዜ ቢያባርራት ይቀላት ነበር።

«ይቅርታውን ቆይተን እናየዋለን» አሉ እትዬ።

«አብረን እንውጣና ለሥራ አስኪያጁ ልንገረው። እርስዎ ባሉበት።»

«እኔ ምን ልሠራ? ወለሉን አልጨረስኩም።» ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። «የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

ማዘርቦርድ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አዲስ ወረቀት ልታትም አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ኮምፒውተሯ ፊት ከተቀመጠች የምታለሳልስበት ቃል እንደማታጣ ራሷን ታውቀዋለች። እዚያው ግድግዳው ላይ ወረቀቱን ገልብጣ፣ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ፣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች። ግድግዳው ስለሚሻክር ፊደሎቹ ተንጋደዱ። «መዝገቡ የጠፋው በእኔ ጥፋት ነው» ብላ ጀመረች፤ ውስጡንም ውጩንም፣ ስምንት ወሩንም ጻፈች። ፈረመች።

ከዚያ ሳታነበው ደረጃውን ወጣች።