የተሰፋው ምዕራፍ

ለልጅ መጽሐፍ መምረጥ ምን ይከብዳል የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ ይቺን ልብስ ሰፊ ያናግራት። አንብባ የማትጠግብ ልጅ ወልዳ አበሳዋን ያየች እሷ ናት። ልጅቷ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከመጽሐፍ ሁሉ የምትወደው የድሮ ዘመን ልቦለድ ነው፤ ንጉሥ፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ ስደት ያለበት። እናትየዋ ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ናት፤ ቀድማ ሳታነበው ለልጇ የምትሰጠው መጽሐፍ የለም። ቄሱ ሁሉ ሆዳም፣ መነኩሴው ሁሉ አጭበርባሪ የሆነበት ቦታ ስትደርስ፣ ወይም የሰማዕቱ ስቃይ ሲበዛባት፣ መጽሐፉን አትጥለውም። መርፌና ክር ታነሳና እነዚያን ገጾች ጠርዝ ጠርዛቸውን ትሰፋቸዋለች። እንዲህ ያለ ጉድ!

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛው በዚህ በሳቅ ይፈርስ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ የታሪክን አፍ ሰፋሽው እኮ!» ይላታል። እሷም «አንተ ቧንቧህን ጥገን» ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ያ ሳቅ አሁን የለም። ባልየው ከስፌት ክፍሏ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ከተኛ ሰንብቷል። ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰጂው» ብለዋታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው አንዳቸው ለሌላው አይተነፍሱም። ልጅቷ እንዳታውቅ ደግሞ እናትየዋ ምላ ተገዝታለች። አባባ ትንሽ ደክሞት ነው፣ ይድናል። በቃ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አንድ ቀን ማለዳ የአጥቢያዋን ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መሸጫ ወደሚይዙት መነኩሲት፣ ወደ ሲስተር፣ ሄደችና እንዲህ አለቻቸው፦ «ሲስተር፣ አባት የማይሞትበት የታሪክ ልቦለድ ይስጡኝ።»

ሲስተር ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ልጄ፣ የድሮ ሰው ያልሞተበት ታሪክ ከየት ላምጣልሽ? ሞተው እኮ ነው ታሪክ የሆኑት።»

«አይቀልዱብኝ! ካነበበች የአባቷን ነገር ታውቅብኛለች። ካወቀች በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ራሷ መደርደሪያውን ታምሰው ጀመር። ይሄኛው አባት ጦር ሜዳ ቀርቷል። ያኛውን ወረርሽኝ ወስዶታል። ሌላው ገና መጽሐፉ ሲከፈት ባሕር ውስጥ ሰምጧል። ምን ጉድ ነው! ደራሲ የተባለ ሁሉ አባት ላይ ጥርሱን ነክሶ የለም እንዴ? በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሲስተር አንድ መጽሐፍ አወጡና እጇ ላይ አኖሩላት። «ይሄ ለልጅሽ ይሆናል። አንብቢው፤ ግን እባክሽ አትስፊው። ቄሳችንን አባን ደግሞ ጥሪያቸው፣ ባልሽን ይቀቡት። ቅባቱ ለሕሙማን ነው እንጂ ለሬሳ አይደለም።»

«ቄስ ሲገባ ካየ ተስፋ ይቆርጥብኛል» አለችና መጽሐፉን ይዛ ወጣች።

እምነት በተከለከለበት ዘመን አንድ ቄስ በገለባ ጎተራቸው ስለደበቁ ገበሬዎች የሚያወራ መጽሐፍ ነው። እናትየዋ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሆና እያነበበች «እሰይ፣ ይሄስ ደግ ነው» አለች። እኩሌታው ላይ ግን የደበቀው ገበሬ፣ የቤቱ አባት፣ ታመመ። ቄሱ በዚያን ጊዜ ወታደር ፈርቶ ጫካ ገብቷል። የገበሬው ልጅ፣ አንዲት ፍሬ ልጅ፣ በዝናብ ሮጣ አመጣችው፤ አባትየው ተቀባ፣ ልጁን መረቀ፣ ሞተ። የልብስ ሰፊዋ እንባ አንዲት ደንበኛ አጥብቢልኝ ብላ የተወችው ቀሚስ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ያንን ምዕራፍ በድርብ ክር ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው።

ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ አባቷ አልጋ ግርጌ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። በማግስቱ መጣችና «እማዬ፣ የተሰፋው ጋ ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ምንም። ዝም ብሎ ስለ እርሻ ያወራል።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። እንዲህ ቶሎ እሺ የምትል ልጅ አልነበረችም። ግን የጨነቀው ሰው ምን ያያል?

አንድ ከሰዓት በኋላ የባልየው ትንፋሽ ተለወጠ፤ ሕመሙ አላስቀምጥ አለው። እናትየዋ ማስታገሻውን ፍለጋ ወጣች። አንዱ ፋርማሲ አልቋል አለ፣ ሌላው ዘግቷል፣ ሦስተኛው ጋ ተሰልፋ አገኘች። ስትመለስ በሩ ላይ የማታውቀው ጫማ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ አባ የክህነት ጨርቃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው በዘይት የራሰ ጣታቸውን ሲጠርጉ ደረሰች። ልጇ ሻማ ይዛ ቆማለች፤ ጸጉሯ ከሩጫው ብዛት ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

መድኃኒቱ ከእናትየዋ እጅ ወደቀ። «ማን አባሽ ጥሪያቸው አለሽ? ማን? አባትሽን ልትገይብኝ ነው?»

አባ ሊናገሩ ሲሉ ባልየው እጁን አነሳ። ፊቱ የቆየ ዕዳ እንደወረደለት ሰው ቀሎታል። «ተያት» አለ በቀጭን ድምፅ። «እኔ እኮ አባን ስፈልግ ነው የከረምኩት። ብነግርሽ ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ነው።»

አባ «ሰላም ለዚህ ቤት» ብለው ወጡ። እናትየዋ ዓይኗ አልጋው ላይ ካለው መጽሐፍ ላይ አረፈ። አነሳችው። ምዕራፉ እንደተሰፋ ነው፤ ቀዳዳዎቹም የሷ ናቸው። ቋጠሮው ግን የሷ አይደለም። እሷ ቋጠሮዋን ከፊት ነው የምትጥለው፤ ይሄ ከኋላ ተደብቋል። ስፌት ስታስተምራት ልጅቷ ይህን ቋጠሮ ከኋላ ካልጣልኩ ብላ ስንት ጊዜ አከራክራታለች።

«ፈትተሽ አንብበሽዋል» አለች።

«በሰጠሽኝ ዕለት።»

«ታዲያ ምን ብለሽ መልሰሽ ሰፋሽው?»

ልጅቷ ሻማውን አስቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «ማወቄን ካወቅሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ፣ እማዬ። አንቺ ደግሞ ማታ ማታ ብቻሽን ስታለቅሺ እሰማሻለሁ።»

እናትየዋ ልጇን ከሞት ልትሰውር ስትለፋ፣ ልጇ እሷን ስትሰውር ኖራለች። እቅፍ አድርጋ ይዛት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። አሁንም ባልየው ነው ከአልጋው ላይ ያቋረጣቸው። «እናንተ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስለቅሳችኋል? አንብቡልኝ እስቲ፣ የተሰፋውን። ሌላውን ሁሉ አንብባልኛለች።»

እናትየዋ መቀሷን አመጣች። የልጇን ክር ቆረጠች፤ ገጾቹ ተላቀቁ። አንድ እጇን ባሏ ያዘው፣ በሌላው መጽሐፉን ዘረጋች። ከጎተራው ጀመረች፤ ሕመሙ፣ ዝናቡ፣ ጫካው፣ ቅባቱ፣ ምርቃቱ ላይ ደረሰች። እዚያ ጋ የባሏ እጅ እጇ ውስጥ ላላ። ልጅቷ አባቷን አየች፣ ቀጥሎ እናቷን። እናትየዋም አየችው፣ አወቀችው፤ ግን መጽሐፉን አልዘጋችም። አንዲት መስመር ሳትዘል ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበበች።