የእማዋይሽ ልጅ

ርችቱን እንድናይ በአለንጋ ተነዳን። ጣሊያን በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ የሰፈራችን ሹም በየደጁ እየዞረ "ዛሬ ማታ የመንግሥት በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ ዕዳጋ ሰኑይ ሜዳ ይውጣ፤ የቀረ ወዮለት!" ሲል ዋለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት የኤርትራ ወታደሮች፣ መጡና በሩን በእግራቸው እየመቱ አስወጡን። እግሩ ያበጠው ሽማግሌ ጎረቤታችን ረታ "መራመድ አልችልም" ቢላቸው ጀርባውን ሁለት ጊዜ አቀመሱት፤ ቻለ። ደስ ይበላችሁ ብሎ የሚገርፍ መንግሥት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጣይባ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ። ባሌ አብዱልጀሊል ከቆቦ በርበሬ እየጫነ እኛ ወዳለንበት ወደ መቀሌ ያወርዳል፤ ያን ቀንም መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ከግቢያችን የወጣነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጎረቤቴ እትዬ እማዋይሽና የአራት ዓመቱ ጀይሉ።

ጀይሉን የወለድኩት እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር ዛሬም አፌ ይፈራል። ከሱ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ፤ አንዱን ኩፍኝ፣ አንዷን ትኩሳት፣ ሦስተኛውን ደሴ ላይ የጣሊያን ቦምብ በላብኝ። ልጅ ያልበረከተላት ሴት የምታደርገውን አደረግሁ። ጀይሉ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለእትዬ እማዋይሽ ሸጥኩት። ዋጋው አንድ እፍኝ ዳጉሳ ነበር። ሽያጩ የወግ ነው፤ ልጁ የሚያድረው እኔው ቤት፣ የጠባውም የኔኑ ጡት ነው። ነገር ግን እኔ "ልጄ" አልለውም፣ እሱም "እማዬ" አይለኝም። ሞት ጆሮ አለው፤ ቤቴንም አንዴ ለምዶታል። ተመልሶ ሲመጣ ጣይባ ልጅ እንደሌላት ይስማ፣ ያለው የሰው ልጅ ነው ብሎ ይለፍ ብዬ ነው። ጀይሉ አፉን የፈታው እሷን "እማዬ"፣ እኔን "ጣይባ" እያለ ነው። "እናትህ ማናት?" ሲሉት "እማዋይሽ" እንዲል ያስተማርኩት ራሴ ነኝ፤ ሲሳሳት ቆንጥጬዋለሁ።

እትዬ እማዋይሽ የጎንደር ሰው ናት። ባሏ ወልደጊዮርጊስ ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ ልጅም አልወለደችለትም። ቀልድ ታውቃለች። ደጄ ላይ ቆማ፣ መንገደኛው እስኪሰማ፣ "አንቺ ሞግዚት! ልጄን አከሳሽው እኮ!" ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አያልፍም። እቀናባት ነበር። ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እኔን አልፎ ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም ቁስሉን እፍ እያለች "እማዬ ትሙትልህ" ትለዋለች። ያን ጊዜ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ያንን ዳጉሳ ፊቷ ላይ መልሼ ልበትንባት ይቃጣኝ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ መርፌ ቢወረወር መሬት አይወድቅም። ጣሊያኖቹ ከነሴቶቻቸው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ከገመድ ወዲህ ቆመናል፤ በገመዱ ዳር አለንጋ የያዙ አስካሪዎች ይመላለሳሉ። ከኋላችን በዚያው ቀን ከአፋር በረሃ ጨው ጭነው የገቡ ግመሎች፣ ጭነታቸው ገና ሳይራገፍ፣ ጉልበታቸው በጠፍር ታስሮ ተንበርክከዋል። ከዚያ ይነሡ ብሎ ያሰበ ሰው የለም።

"እማዬ፣ እሽኮኮ!" አለ ጀይሉ። እትዬ እማዋይሽ ትከሻዋ ላይ አወጣችው።

"ይሄ የእስላም ልጅ ወገቤን ሊቆርጠው ነው" አለች እየሳቀች።

"ያንቺው ልጅ አይደል? ቻይው" አልኳት። ነገሩ ቀልድ ነበር፤ ድምፄ ግን አላገዘኝም።

ዞር ብላ አየችኝ። "አንቺ ደግሞ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ዛሬ እንኳ ፊትሽን ፍቺው!"

የመጀመሪያው ርችት እያፏጨ ወጣና አረንጓዴ እሳት ሰማዩ ላይ ተበተነ። ሕዝቡ "ወይ ጉድ!" አለ። ጀይሉ በሁለት እጁ እያጨበጨበ "ጣይባ፣ እይው! ጣይባ!" ይለኛል። የደሴው ቦምብም የጀመረው በፉጨት ነበር። ሁለተኛው ቀይ ሆኖ ፈነዳ። ሦስተኛው ወደ ላይ አልወጣም። የታሰረበት እንጨት ዘመመና ወደ እኛ ዞረ፤ እሳቱ በሰው ቁመት ልክ ተስፈንጥሮ መሐላችን ገባ። የአንዲት ሴት ነጠላ ከነፀጉሯ ተያያዘ። አጠገቧ የነበረ ጎረምሳ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። የተቃጠለ ፀጉርና ሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ይሄኔ ሕዝቡ ጦርነት ያስተማረውን አደረገ። አውሮፕላን ያሳደደው ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሲፈነዳ አትሩጥ፣ በደረትህ ተኛ። ያ ሁሉ ሰው "ተኛ! ተኛ!" እየተባባለ ሜዳው ላይ ተነጠፈ። እትዬ እማዋይሽም ጀይሉን ከትከሻዋ አውርዳ ሆዷ ሥር ከተተችውና ተደፋችበት። ቦምብ ቢሆን ደግ አደረገች ይባል ነበር።

የመጡት ግን ግመሎቹ ናቸው። እሳቱ አስደንብሯቸው፣ ጠፍሩን በጥሰው፣ ከነጨዋቸው በተኛው ሕዝብ ላይ ወጡ። የሰው አጥንት ሲሰበር እንደ ጭራሮ ይጮሃል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን አንዱ ግመል በጉልበቱ አፌን ብሎ ወረወረኝ፤ ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። ሊነሣ የሞከረውን ደግሞ አስካሪዎቹ ሸፈተብን ብለው መሰለኝ በአለንጋ ይሉት ጀመር። ስነሣ አለንጋ ይጥለኛል፤ ስወድቅ ሰው ይረግጠኛል። አንዱ አስካሪ ፀጉሬን ጨምድዶ ሲይዘኝ እጁን ነከስኩት፤ ሲለቀኝ በአራት እግሬ እየዳህኩ በሰው ላይ አለፍኩ። ርችቱ አላቆመም። እዚያ ማዶ የሚለኩሱት ይለኩሳሉ፤ ሰማዩ ቢጫ ሲሆን የወደቀው ሁሉ ይታየኛል፣ ሲጨልም ይጠፋብኛል።

በአንዱ ብርሃን አየኋቸው። እትዬ እማዋይሽ እንደተደፋች ነበረች፤ ወገቧ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የተሰባበረ ጨው ጀርባዋ ላይ ተበትኗል። አንድ ሸምገል ያለ አስካሪ ጀይሉን ከሥሯ በክንዱ ጎትቶ አወጣው። ልጁ ደህና ነው! አንድም ነገር አልነካውም። ተንደርድሬ ሄጄ ሌላውን ክንዱን ያዝኩ።

"ናይ መን እዩ እዚ ቆልዓ?" አለኝ አስካሪው፤ የማን ልጅ ነው ማለቱ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። "ማን ናት እናትህ?"

"እማዋይሽ" አለ ጀይሉ።

"ይህችስ?"

"ጣይባ ናት።"

አስካሪው ደረቴን ገፋኝ። "ኣዲኡ ኣይኮንክን! እናቱ አይደለሽም። እናት የሌለው ወደ ሚሲዮን ይሂድ ተብሏል።" ከኋላው መኪና ቆሟል፤ ላዩ ላይ ከሜዳው የተለቀሙ ልጆች ተጭነው ያለቅሳሉ። ልጁን መጎተት ጀመረ። እኔም እጎትታለሁ። ጀይሉ በሁለታችን መካከል ተወጥሮ ይጮሃል፤ የሚጣራው ግን እኔን አይደለም።

"ጣይባ" የሚል ድምፅ ከመሬት መጣ። እትዬ እማዋይሽ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች፤ አፏ በደም ተሞልቷል። "ጣይባ... ውሰጂው። መለስኩልሽ።"

አራት ዓመት የተመኘሁትን ቃል ሰማሁ። ግን ሞት እዚያው ራሷ ላይ ቆሞ እያዳመጠ እንዴት ትመልስልኛለች? ተደፋሁና አፏን በመዳፌ አፈንኩት። "አትመልሽልኝ! ያንቺ ነው! የኔ ነው በያቸው፣ እትዬ፣ በአምላክሽ!"

መዳፌን ነከሰችኝ። በዚያች በቀረቻት ጉልበት ሥጋዬን እስክትበጣ ነክሳ እጄን አስለቀቀችና፣ አስካሪው እንዲሰማ ጮኸች፤ "የጣይባ ልጅ ነው! እሷ ናት የወለደችው!" ከዚያ ግንባሯ ጨው ላይ ወደቀ። ጠራኋት። ነቀነቅኋት። የለችም።

አስካሪው ቆቡን አስተካከለ። "እውነት ነው? ልጅሽ ነው?"

አይደለም ብል ይወስዱታል። ነው ብል ሦስቱን የወሰደው ሞት ይሰማኛል። ያን ጊዜ ንዴት ከእግሬ ጥፍር ተነሣ። እስከ መቼ ነው በልጄ የማፍረው? ቀና ብዬ ወደዚያ ወደሚቃጠለው ሰማይ ጮህኩ።

"ልጄ ነው! በሆዴ የተሸከምኩት ልጄ ነው! የሚሰማ ይስማ! የሚወስድ መጥቶ ከእጄ ይውሰደው!"

አስካሪው ክንዱን ለቀቀ።

አንሥቼ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት። ጀይሉ ግን በእግሩም በእጁም ይታገለኛል። "አውርጂኝ! አይደለሽም! አንቺ ጣይባ ነሽ! እማዬ ጋ ውሰጂኝ!" እያለ በሁለት ጡጫው አፌን፣ ጥርሴ የወለቀበትን ቦታ ደበደበኝ። በሙታኑና በቁስለኞቹ መሐል ይዤው ስሄድ እየደበደበኝ ሄደ። እጁን አልያዝኩበትም።

"ምታኝ፣ ልጄ" አልኩት። ደሜን ዋጥ አድርጌ ደግሜ፣ "ምታኝ፣ ልጄ" አልኩት።