ለአንድ መሐላ አስር እንግዳ

እኛ ከሚሴ ሰው ብቻውን አይታመምም። ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ከአጎት፣ ከአክስትና ከጎረቤት ጋር ነው፤ ሐኪም ለሚጠይቀው የሚመልሱትም እነሱ ናቸው። በሽተኛው ምላሱን ያወጣል፣ የቀረውን ዘመድ ይጨርሰዋል።

እኔ ደግሞ የታመምኩ እንኳ አልነበርኩም። በ2003 ዓ.ም. መኪና ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ «ሲጋራ የሚያጨሱም ያቆሙም ሳይታመሙ ይመርመሩ!» እያለ ሲዞር ሰማሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አጭሻለሁ። ከባቲ ገበያ ፍየል ስንጭን ከአንድ ፓኮ አብሮኝ ያጨስ የነበረው ዓብዱ በዚያው ዓመት በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሐኪሞቹ «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» አሉ። እኔ ሲጋራውን ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ መፍራቱን ግን ማቆም አቃተኝ።

አባቴ ሙሄ ማጨሴን እንዳያውቁ ስንት ቅርንፉድ አኝኬያለሁ! የከሚሴ ልጅ በአባቱ ፊት ሲጋራ ከሚለኩስ ጢሙን ቢለኩስ ይቀለዋል።

ለሚስቴ ለኢልሃም «ልመረመር ነው» አልኳት። ስህተቴ ይህ ነው። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጥምጣማቸውን አስረው፣ አክስቴ ረቢአ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ጤና ጣቢያ ስንገባ አባቴ ነርሷን በኦሮምኛ «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብለው ሰላም ካሉ በኋላ ከእኔ ቀድመው ተቀመጡ። ሲስተር ዘምዘም ቅጿን ዘርግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?»

አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«አቡበከር? ወላሂ! ጢስ በአፉ ገብቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ይሄ ምርመራ እሳቸውን አይመለከትም» አለች ዘምዘም። «ቀጣይ!»

ውጭ ስንወጣ አክስቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሻይ ቀዳችልን። እውነቱን ብናገር አባቴን በሐሰት የማሉ አደርጋቸዋለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ የዓብዱ ዕጣ ይጠብቀኝ ይሆናል። ሰው ሳይታመም ሊመረመር መጥቶ እንዲህ ይታመማል? በማን እንደሆነ ባላውቅም ተናደድኩ።

ኩባያውን አስቀምጬ ተመለስኩ። ተከተሉኝ፤ መቼም አይቀሩም።

«ሲስተር፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት አጭሻለሁ። በቀን አንድ ፓኮ።»

አክስቴ «ያ ረቢ!» አለች። አባቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። ማንበብ አይችሉም።

ዘምዘም ደረቴን አዳምጣ ለራጅ ወደ ደሴ ጻፈችልኝ። ራጁ ንጹሕ ሆነ። «በየዓመቱ ይመለሱ፤ አንዲት እንኳ እንዳይለኩሱ» ተባልኩ። እኔ ግን አፍሬ የአባቴን ዓይን ማየት አቃተኝ።

ጁምዓ ከሶላት መልስ አባቴ አስር ችግረኞች አስከትለው ቤት መጡ።

«የመሐላዬ ከፋራ ነው» አሉ፤ የመሐላ ማካካሻው አስር ችግረኛ ማብላት ነው። «አብሉልኝ።»

ለእኔ ጥፋት እሳቸው ከፋራ ማውጣታቸው አንጀቴን በላው። እንግዶቹ ሲቀመጡ ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ሸሁን ጠይቄያለሁ እኮ» አልኳቸው። «ሰው እውነት መስሎት ለማለው መሐላ ከፋራ የለበትም ብለውኛል።»

አባቴ ማስታጠቢያውን ይዘው የእንግዶቹን እጅ ያስታጥቡ ነበር።

«እውነት መስሎት ለማለውማ የለበትም» አሉኝና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፉ።