ሞተር የማያስጠፋው ተራ አስከባሪ

የሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሙነወር «ደሴ፣ ደሴ» ብሎ ሲጣራ አርዲቦ ሐይቅ ውስጥ የተኛ ዓሣ ይባንናል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳትም ሰዓታቸውን የሚሞሉት በእሱ ድምፅ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ ሐይቅን አያውቃትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚኒባሶች ጭስ ማውጫ ኋላ ቆሞ ተጣርቷል፤ ያሳፈረው ሕዝብ ቢሰበሰብ ሦስት አገር ሞልቶ ይተርፋል።

ሙነወር የሚኮራበት አንድ ብልሃት ነበረው። ተራ የያዘ መኪና ሞተሩን አያጠፋም። ባዶውንም ቢሆን እየተንደቀደቀ ይቆማል፤ ሹፌሩ አልፎ አልፎ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ሳብ ያደርገዋል። መንገደኛው «ሊወጣ ነው» ብሎ ሮጦ ይገባል፤ ከገባ በኋላ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ሙነወር ነው፤ ሞተር ያጠፋ ሹፌር ተራው ወደ መጨረሻ ይዛወራል። ለጭሱም መድኃኒት ነበረው። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣል፤ ወተት ሳንባ ያጥባል፤ ይህን ደግሞ መናኸሪያው በሙሉ ያውቃል።

ሳሉ የጀመረው ባለፈው ረመዳን ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፤ ቀጥሎ አቧራ ነው አለ። አክታው ላይ ደም ሲታይ ግን ሚስቱ ሂዳያ ክርክሩን ትታ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ራጅ ተነሳ፣ ተመረመረ፣ ናሙና ተወሰደ። ሀኒያ የምትባል ወጣት ሐኪም ውጤቱን ቀስ ብላ ነገረችው።

«ጋሽ ሙነወር፣ ቀኝ ሳንባዎ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው። ገና ትንሽ ነው፤ አልተዛመተም። አዲስ አበባ ሄደው በቶሎ በቀዶ ጥገና ቢወጣ ጥሩ ተስፋ አለው። ካዘገዩት ግን ይህን አልልዎትም።»

ሙነወር ፈገግ አለ። «የኔ ልጅ፣ ፎቶው ተቀያይሯል። ሲጋራ በከንፈሬ ዞሮ አያውቅም። ወላሂ፣ ፓኮው በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም።»

«ያላጨሰንም ይይዛል። የት ነው የሚሠሩት?»

«መናኸሪያ። ከሱብሂ እስከ መግሪብ።»

«መኪኖቹ ሲቆሙ ሞተር ያጠፋሉ?»

ሂዳያ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«የናፍጣ ጭስ የሳንባ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው» አለች ሀኒያ። «የእርስዎን እሱ ብቻ አመጣው ብዬ አልምልም። ሃያ ሁለት ዓመት ግን ብዙ ነው።»

«ወተት እጠጣለሁ እኮ።»

«ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ጋሽ ሙነወር።»

ሐይቅ ሲመለሱ ሙነወር አልሄድም አለ። አንደኛ፣ ሰው «ተደብቆ ሲያጨስ ኖሯል» ይላል። ሁለተኛ፣ እሱ አንድ ቀን ከጎደለ መኪና አይሞላም፤ መኪና ካልሞላ ከውጫሌ እስከ ደሴ ያለው አገር ይቆማል።

«አንተ ሳትወለድ ሰው ደሴ አይገባም ነበር?» አለች ሂዳያ።

«ይገባ ነበር። በእግሩ።»

«እንግዲያስ ነገ ሞተሩ ይጥፋ፤ አንተም አፍህን ዝጋ። የመጀመሪያው መኪና ካልሞላ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር ሁለተኛ አላነሳብህም። ከሞላ ትሄዳለህ።»

ሙነወር ሳቀ። እንዲህ የቀለለ ውርርድ ገጥሞት አያውቅም። ሂዳያ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በደሴ መኪኖች የተሳፈረች፣ እንዴት እንደሚሞሉ የምታውቅ ሴት ናት።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ተራ የያዘው ሹፌሩ አምሳሉ ነበር።

«አጥፋው» አለው ሙነወር።

«ምን ሆንክ? አሞሃል እንዴ?»

«አጥፋው አልኩህ።»

ሞተሩ ጠፋ። መናኸሪያው ከተሠራ ወዲህ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ጉንዳን ብታስነጥስ ይሰማ ነበር። ሙነወር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አፉን ዘጋ፤ ለእሱ ከቀዶ ጥገናው የሚከብደው ይሄ ነው። ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት መጣችና «ደሴ ነው?» ብላ ገባች። ሁለት ተማሪዎች ገቡ። ልብስ ሰፊው ሙሐመድሁሴን አልፎት ሲሄድ «ዛሬ ድምፅህን አበደርከው እንዴ?» ብሎት ከፊት ተቀመጠ። ማንም አልሮጠም፤ ማንም አልተመለሰም። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ከአሥራ ሁለቱ ወንበር የቀረው ሁለት ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊትም የሚፈጀው ያንኑ ያህል ነበር።

«ያው እኮ ነው» አለ አምሳሉ። «ሰው የሚመጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። በከንቱ የሚቃጠለው ናፍጣው ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«ተራዬን ወደ መጨረሻ ልታዛውረኝ?»

ሂዳያ የታሰረ ሻንጣ ይዛ የመኪናው በር ላይ ቆማለች።

«ገና አልሞላም። ሁለት ይቀረዋል» አላት።

«እኔና አንተ ስንት ነን?»

ሻንጣውን ተቀበላት። «ሂዳያ፣ ሳንባው የተቆረጠ ሰው መጣራት ይችላል?»

«አላውቅም። መተንፈስ ይችላል።»

ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙሐመድሁሴን ከፊት ወንበር ዞረ። «ወዴት ነው በጠዋቱ?»

ሙነወር ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው። «ሳንባዬ ላይ ካንሰር ተገኘ። ላስወጣው ነው።»

«አንተ አታጨስም እኮ» አለ ልብስ ሰፊው።

«አላጨስም። መኪኖቹ ናቸው ያጨሱልኝ፤ ያውም እኔው አዝዣቸው።»

«አላህ አፊያህን ይመልስልህ» አለ ሙሐመድሁሴን።

«አሚን» አሉ ተሳፋሪዎቹ። አምሳሉም «አሜን» አለና በሩን ዘጋ።