ለስፌት አንድ

ባለቤቴ ሶፋ ሠሪ ነው። እሱ እንጨቱን ይመታል፣ ስፖንጁን ይቆርጣል፤ እኔ ጨርቁን ለክቼ እሰፋለሁ። ሥራችን አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ጭቅጭቃችንም እዚያው ነው። ልጃችን ቅመም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትወጣለች። የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው፤ በእሱ የምንጠራት ስታጠፋ ብቻ ስለሆነ ስትሰማው ትደነግጣለች። አንደኛ ክፍል ናት፣ ሜትሩን የምትይዝልኝም እሷ ናት።

"የዚህኛው ቁራጭ ስንት ነው?" እላታለሁ።

"ሰባት።"

"የዚያኛውስ?"

"ስምንት። አንድ ላይ አስራ አምስት። ለስፌት አንድ፤ አስራ ስድስት አድርገሽ ቁረጪ።"

ለስፌት አንድ የቤታችን ሕግ ነው። ልክ በልክ የተቆረጠ ጨርቅ መታጠፊያ ያጣል፣ ሶፋውም ሆዱ ተገልጦ ይቀራል። ስለዚህ የወጣው ቁጥር ላይ ምንጊዜም አንድ እንጨምራለን። ባለቤቴ አንድ ቀን ረስቶ በልኩ ቆርጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከዕለታት አንድ ቀን የቅመም አስተማሪ አስጠራችን። እኔ እንደሆነ ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ ገና በሩ ላይ "ምን አጠፋች?" አልኩ።

"ብዙም አላጠፋችም" አለች አስተማሪዋ። ረጋ ያለች ወጣት ናት። "ግን ሒሳቡን ጓደኞቿ እርሳስ ሳያነሱ ትጨርሳለች። ከዚያ ሥራ ትፈታና ጠረጴዛ ሥር ገብታ የልጆቹን የጫማ ማሰሪያ እርስ በርስ ታስራለች። ትናንት ደወል ሲደወል አንድ ረድፍ ሙሉ ተያይዞ ወደቀ።"

ባለቤቴ ሊስቅ ሲል ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩበት።

"ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ አትልም?" ብላ ጠየቀች።

"ትላለች እንጂ፤ ሐኪም ቤት ሁሉ ወስደናት ነበር።"

"ሆዷ አይመስለኝም። ሰልችቷት ነው። የምንሰጣት ሥራ አነሳት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይፈትኗትና ካለፈች ለሒሳብ ብቻ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች። ሌላውን ከእኩዮቿ ጋር ትማራለች።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጄ ጠዋት ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ማየት ከብዶኝ ነበር። ባለቤቴማ ከዚያን ቀን ጀምሮ አፉ አልተገጠመም። ሶፋ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ ስለ ልጁ ሰምቶ ይሄዳል። እኔም ብሆን አላረፍኩም፤ ለአንዷ ደንበኛችን "ሦስተኛ ክፍል ከገባች በኋላማ እዚህ አቧራ ውስጥ መዋል የለም" አልኳት። "ቤቷ ተቀምጣ ማጥናት ነው። ሜትር የሚይዝ ሰው እንቀጥራለን።"

ቅመም ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ነበር። ምንም አላለችም። እሷ ዝም ማለቷ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የፈተናው ዕለት ሁላችንም ምክትሉ ቢሮ ገባን። ቅመም ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አስተማሪዋ አጠገቧ ቆማለች። ባለቤቴ የወንበሩን ቆዳ በጣቱ እየነካካ ማን እንደሠራው ሊያውቅ ይሞክራል። ምክትሉ መነጽራቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉላት።

"እሺ የኔ ልጅ። ሰባትና ስምንት ስንት ነው?"

"አስራ ስድስት።"

አስተማሪዋ ቀና አለች።

"ከሃያ ላይ ስድስት ብንቀንስ?"

"አስራ አምስት።"

"አራት ጊዜ ስድስትስ?"

"ሃያ አምስት።"

ምክትሉ እስክሪብቷቸውን በቀስታ አስቀመጡ። "ገና ልጅ ናት፣ ምን አስቸኮለን። በሚቀጥለው ዓመት እናያታለን።"

"ክፍል ውስጥ እኮ እንዲህ አይደለችም" አለች አስተማሪዋ፤ ፊቷ ቀልቷል።

እኔ ደሜ ፈልቷል። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን የጠዋት ለቅሶ ልሰማ ነው። የመዝገብ ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት መልሶቹ ጆሮዬ ውስጥ ተመልሰው መጡ። አስራ ስድስት፣ አስራ አምስት፣ ሃያ አምስት። ባለቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። እሱም እኔን እያየኝ ነው።

"ቅመሜ፣" አልኳት፣ "ስፌቱን ለምን ጨመርሽበት?"

እግሯ መወዛወዙን አቆመ።

"የምን ስፌት?" አሉ ምክትሉ። ባለቤቴ እጁን እያወናጨፈ የቤታችንን ሕግ አስረዳቸው።

"ሦስተኛ ክፍል ከገባሁ ሱቅ አልመጣም ብለሻል" አለች ቅመም። "ሜትሩንም ለሌላ ሰው ልትሰጪው ነው። መውደቅ ፈልጌ ነበር። ግን አልዋሸሁም። እኛ ቤት ልክ ነው።"

አንጀቴን በላችው። ወንበሯ አጠገብ በርከክ አልኩ።

"ትመጫለሽ" አልኳት። "ተሳስቼ ነው።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ሜትሩንስ?"

"ካንቺ በቀር ማንም አይነካውም።"

"መቀሱንም እይዛለሁ?"

ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል። "መቀሱን አትነኪም!" አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ። ምክትሉ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከዚያ በኋላ የምክትሉ ጥያቄዎች አፋቸው ላይ እንዳሉ ነው የተመለሱት። ማባዛት ሲያልቅባቸው ማካፈል አመጡ፤ እሱንም መለሰችላቸው። በመጨረሻ ምክትሉ "ለሒሳብ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች" ብለው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉና እኛንም እሷንም አዩን።

"ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?" አሏት።

ቅመም ጥያቄው አልገባትም። እኔንና አባቷን አየችን፣ መልሳ እሳቸውን አየቻቸው።

"ማንም አላስተማረኝም" አለች። "ሶፋ ነው የምንሠራው።"

ልጄን ከአቧራ አድናለሁ ብዬ የምትወደውን ትምህርት ቤት ልዘጋባት ነበር። ባለቤቴ እንኳን መኩራራቱን ትቶ የገዛ ጫማውን ያያል። ተነስቼ እጇን ያዝኳትና "ነይ እንሂድ" አልኳት፣ "ሥራ አለብን።"