ቀርፋፋው ፍጥነት

ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ አንድ እግሯን የአማቶቿ ደጃፍ ላይ እንዳሳረፈች ምስሉ ቀጥ አለ። አስቻለች ሪሞቱን ደጋግማ ተጫነች። ዴኩ ሁለት ጊዜ ቋ ቋ ብሎ ዝም አለ።

«ደከማት እንዴ?» አሉ አያ ባምላኩ፣ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው።

አስቻለች መሳቅ አልቻለችም። ጥፋቱ የራሷ ነበር። የመጨረሻው የቢቸና አውቶቡስ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚወጣ ሲነግሯት፣ ሽማግሌው እንዳይጉላሉ ብላ፣ ራሷ የቀረጸችውን የልጃቸውን የማስተዋልን ሠርግ በስምንት ኤክስ፣ ኮምፒውተሯ በሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት፣ በሩብ ሰዓት ዲስክ ላይ ጽፋ ጨረሰችው። ሞጣ ላይ ቪዲዮ ቤት ከከፈተች ጀምሮ ለሙከራ የምታስቀምጠው አንድ አሮጌ ዴክ አላት። በየሰው ቤት ያለው እንዲያ ዓይነቱ ስለሆነ፣ እሱ ያላነበበውን ዲስክ ለደንበኛ አትሰጥም። ሠርጉ ረጅም በመሆኑ የተጻፈው ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ላይ ነው። ከአንደኛው ንብርብር ወደ ሁለተኛው በሚሻገርበት ቦታ ላይ በጥድፊያ የተጻፈው ሳስቶ አሮጌው ዴክ ማንበብ አቃተው።

እንዲህ ያለ ዲስክ የቀራት አንድ ብቻ ነው። ለሁለት ተራ ዲስክ ልክፈለው ብትል ደግሞ ቅንብሩን እንደ አዲስ መሥራቱ እስከ ማታ ይፈጃል።

ቢቸና ላይ የአያ ባምላኩ ባለቤት ወይዘሮ ይርጋነሽ ጎረቤት ጠርተው ይጠብቃሉ። እንደ ቤተሰቡ ወግ የሙሽራ እናትና አባት ልጃቸውን ከደጃፋቸው ይሸኛሉ እንጂ ወንድ ቤት ድረስ አይከተሏትም። ለቅልቅል እስኪጠሩም የልጃቸውን ቤት አይረግጡም። ስለዚህ እናት ማስተዋል አማቶቿ ቤት እንዴት እንደገባች አላዩም። ቅልቅሉም የተቀጠረው ለፋሲካ ነው።

አያ ባምላኩ ራሳቸው ጠዋት ሞጣ ሲደርሱ፣ የልጃቸው ቤት ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ መሆኑን እያወቁ፣ ድንገት እንዳያገኟት በገበያው በኩል ዞረው ነው የመጡት። ይህን ለአስቻለች ሲያወሩላት ይስቁ ነበር። ወዲያው ግን ማስተዋል ከስታ እንደሆነ፣ አልፎ አልፎ ወደዚህ ብቅ ትል እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቋት።

አስቻለች የመጨረሻውን ዲስክ ከልባሱ አወጣችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ባምላኩ፣ አልዋሽዎትም። ይኼን በአራት ኤክስ ብጽፈው መኪናው ላይ ይደርሳሉ፤ እንዳይቆም ግን አልምልልዎትም። በሁለት ነጥብ አራት ከሆነ አስተማማኝ ነው። ሦስት ሩብ ሰዓት ግን ይፈጃል።»

«እሱን ብጠብቅ መኪናው ያልፈኛል?»

«ያልፍዎታል።»

አያ ባምላኩ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እንግዲህ አልጋ ይዤ ላድር ነዋ።»

«አልጋ ምን ያደርግልዎታል፣ ልጅዎ እዚህ እያለች?»

«ሳልጠራ?»

«መኪና ያመለጠው ሰው ጥሪ ይጠብቃል እንዴ?»

ሽማግሌው ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ እግሯን ደጃፍ ላይ አሳርፋ የቆመችውን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ቀርፋፋው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ልጇ በር ላይ ተገትራ የቀረችበትን ዲስክ ይዤ ብሄድ፣ ይርጋነሽ እኔንም በር ላይ ነው የምታስቀረኝ።»

አስቻለች ዲስኩን አስገብታ ሁለት ነጥብ አራትን መረጠች። መጻፊያው እንደ ቅድሙ አላጓራም፤ በዝግታ መሽከርከር ጀመረ። አያ ባምላኩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ይርጋነሽ፣ ይሰማሻል? ዲስኩ ደኅና ነው፣ ነገ ጠዋት ይዤልሽ እመጣለሁ። ምን ላድርግ ብለሽ ነው? መኪናው አመለጠኝ። አዎ፣ አሁን። እዚያው ማስተዋል ቤት ሳላድር አልቀርም።»

ከመንገዱ ማዶ ካለው መናኸሪያ የአውቶቡሱ ረዳት ድምፅ እየጎላ መጣ። «ቢቸና! ቢቸና! ባዶ ነው፣ ግቡ!»

አያ ባምላኩ ስልኩን ገና ከጆሯቸው አላወረዱም፤ አስቻለች ከወንበሯ ተነሣች። ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቃ የሱቁን የብረት በር ዘጋችው።