የአርዲት ትንሿ ጣት

ኮሪን ማይዝ ከፌዴራል መንግሥት ተልካ ወደዚያ ተራራማ አውራጃ ስትመጣ የታዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድታይ። ግዛቱ ለምግብ ድጋፍ አመልካቾች ያሠራው አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም በዚህ አንድ ቢሮ ሲሞከር ከርሟል። ከወጪው ብዙውን የሚሸፍነው ፌዴራል ስለሆነ፣ ፌዴራል «ይሁን» ካላለ ሲስተሙ ወደ ሌሎቹ ቢሮዎች አይዘልቅም። «ይሁን» ወይም «ይቆይ» የሚለውን ቃል ይዛ የምትመለሰው ኮሪን ናት። ብቻዋን ስትላክ የመጀመሪያዋ ነው። ደንቡን በቃሏ ይዛዋለች፦ ታዛቢ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይጽፋል፤ ኪቦርድ አይነካም።

የግዛቱ የፕሮጀክት ኃላፊ ዴልበርት ከበር ጀምሮ እየሳቀ ተቀበላት። «ሚስ ማይዝ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ አንድም ማመልከቻ አልጠፋብንም። ሲያዩት ይወዱታል» አላት።

ከአርዲት ጎን አስቀመጣት። አርዲት ባለጉዳይ በማስተናገድ ብዛት ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «አይዞሽ ልጄ» አለች ወንበሩን እየሳበችላት፣ «እኔም የሚያየኝ ሰው ሲኖር እጄን ያልበኛል።» ኮሪን ማን ማንን ሊቆጣጠር እንደመጣ ግራ ገባትና ፈገግ አለች።

ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አርዲት ባለጉዳዩን ዓይን ዓይኑን እያየች ስታዳምጥ፣ የግራ እጇ ትንሿ ጣት በኪቦርዱ ጠርዝ ባለ አንድ ቁልፍ ላይ በየመሐሉ ጠብ ትላለች። ኮሪን የልማድ ነገር ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከምሳ በፊት ሚስተር ሆባርት ገቡ። ዕድሜያቸውን በከሰል ማዕድን የጨረሱ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። በዚያ አገር ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንዙ ሙላት፣ ስለ ጎረቤት የወገብ ሕመም ይወራል፤ አርዲትም አወራች። ከዚያ ቀስ ብላ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ጥያቄ መጣች።

«ሚስተር ሆባርት፣ ምግብ አብስለው የሚበሉት ከማን ጋር ነው?»

«ከኦፓል ጋር።»

ኦፓል ሚስታቸው ነበረች። በፀደይ ስትቀበር አርዲትም እዚያው ቆማ ነበር።

«አሁንስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሁንማ…» ኮፍያቸውን አዟዟሩት። «ዱቄት ስሰፍር እጄ ለሁለት ሰው ነው የሚሰፍረው። ተው ብለው አይሰማኝ።»

«እጅ ግትር ነው።»

«ደግሞ ለራሴ አልመጣሁም፣ ሚስ አርዲት። እኔ ባቄላ በልቼ አድራለሁ። ያመጡኝ ሳህኖቹ ናቸው።»

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ አምጥቶላቸው ነበር፤ በየሳህኑ ሥር የላኪዋ ስም ተለጥፎበታል። ሚስተር ሆባርት አጥበው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋቸዋል።

«የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም» አሉ። «ባዶውን ብመልስ ኦፓል ከመቃብሯ ተነስታ በዚሁ ኮፍያ ትመታኛለች። የምሞላበት ደግሞ የለኝም። ይኸው ሰው ቤት መሄድ ተውኩ። ከቤተ ክርስቲያንም በጓሮ በር ነው የምወጣው።»

«የእኔም ሳህን እኮ እዚያ አለች።»

«ሰማያዊዋ። እሷንማ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።»

ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አርዲት ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ እጃቸውን ያዘች።

ኮሪን የአርዲት ጣት ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ቁልፍ የነካ ስለሌለ ገጹ ሊዘጋ ነው፣ የተሞላው ሁሉ ይጠፋል። አርዲትም አየችው። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ተመለሰ፤ እጆቿ ግን ከሰውየው እጅ አልተነሱም።

ኮሪን ደንቡ ትዝ አላት። ዝም ብትል እኚህ ሰው እንደገና «ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» ሊባሉ ነው። ኮሪን እጇን ሰደድ አድርጋ በትንሿ ጣቷ ቁልፉን ነካች። ቢጫው ጠፋ። ሚስተር ሆባርት ምንም አላዩም።

ሰውየው ከሄዱ በኋላ አርዲት ወደ እሷ ዞረች። «ልጄ፣ ይህን አትጻፊው።»

«ሁላችሁም እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«ሁላችንም። መጀመሪያ ሰሞን ጠፋብን፣ ከዚያ ጣታችን ለመደ። ብንናገር ምን ሊሉን ነው? ‹ወሬ ቀንሱ› ነዋ! የድሮው ሲስተም ደግሞ ሰውን ስንት ጊዜ ነበር የሚያመላልሰው። ይህን አዲሱን ከወሰዱብን እሳቸውን የመሰለ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።»

ኮሪን ብዕሯን አነሳች። «ሌሎቹ ቢሮዎች ይህችን ጣት አያውቋትም፣ ሚስ አርዲት። እዚያ የሚያለቅስ ሰው ገጹ እየተዘጋበት ነው የሚያለቅሰው።»

አርዲት ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ዴልበርት ማምሻውን ሲሰማ ፈገግታው ጠፋ። «በአንድ ሽማግሌ እንባ የግዛቱን ሥራ ሊያቆሙ ነው?»

«ለእንባው አይደለም» አለች ኮሪን። «አንድም አልጠፋም የተባለው ሰዎች በጣታቸው ደግፈውት ነው። አንዷ ጣት የእኔ ናት። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

አለቃዋ ኪቦርድ በመንካቷ ገሠጻት። ሪፖርቷን ግን አልቀየረባትም፦ ሙከራው እዚህ ይቀጥል፤ ወደ ሌሎቹ ቢሮዎች የሚሄደው ግን ገጹ ሰው መጠበቅን ሲማር ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ገጹ ተስተካክሏል ተባለና ኮሪን ልታረጋግጥ ተመለሰች። በአርዲት ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊዋ ሳህን ተቀምጣለች፤ በላይዋ ጨርቅ ጣል ተደርጎባታል።

«ሚስተር ሆባርት?»

«ጠዋት ራሳቸው አመጡልኝ። የበቆሎ ዳቦ ነው። እጃቸው አሁንም ለሁለት ነው የሚሰፍረው፤ ግማሹን ለየሳህኑ ያካፍላሉ። በይ ቅመሺ።»

«ከምቆጣጠረው ቢሮ ምግብ መቀበል አይፈቀድልኝም።»

«ማሽተትስ?»

ኮሪን አሰበች። «ስለ ማሽተት የተጻፈ የለም።»

አርዲት ጨርቁን ገለጠችላት።

ከዚያ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች፤ አርዲትም ስለ ብርዱ ጀመረች። ሴትዮዋ ወሬዋን አስረዘመች። የአርዲት ትንሿ ጣት በልማዷ ተነሳች፣ አየር ላይ ቆየች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ በሰማያዊዋ ሳህን ጠርዝ ላይ ዐረፈች። ገጹ ሳይዘጋ ይጠብቅ ነበር።

ኮሪን ልታይ የመጣችውን አየች።